ከገበታ ፊደል የሚጀምር አዲስ ጥበብ
በቤታችን ዕቃ ውስጥ ስለ ተሰወሩት ትንንሽ ኮምፒዩተሮችና እነርሱን ማዘዝ ስለሚማሩት ልጆቻችን

ኮምፒዩተር ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው በጠረጴዛ ላይ ወደሚቀመጠው ባለ መስተዋት ዕቃ፥ ወይም በእጃችን ወደምንይዘው ስልክ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ ከሚሠሩት ኮምፒዩተሮች የሚበዙት መስተዋትም የጽሕፈት ገበታም የሌላቸው፥ በሌላ ዕቃ ሆድ ውስጥ ተሰውረው የሚኖሩ ናቸው። የልብስ ማጠቢያው መኪና ውኃውን መቼ እንደሚያስገባና መቼ እንደሚያፈስ የሚያውቀው፥ የኤሌክትሪኩ ቆጣሪ በካርድ የተሞላለትን ሒሳብ እየቀነሰ ሲያልቅ መብራቱን የሚያቋርጠው፥ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ከጣታቸው ባወጡት አንዲት ጠብታ ደም የስኳራቸውን መጠን የሚያነቡት፥ እነዚህ የተሰወሩ ትንንሽ አገልጋዮች ስላሉ ነው።

ባለሙያዎች ማይክሮኮንትሮለር ይሏቸዋል። አንዱ ማይክሮኮንትሮለር ከጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ጥቁር ቍራጭ ላይ የሚያሰላውን ክፍል፥ የሚያስታውስበትን ማኅደርና ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸውን የብረት እግሮች አንድ አድርጎ የያዘ ነው። ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1971 እ.ኤ.አ. ለጃፓን የሒሳብ መኪና ብሎ የሠራውና 4004 የተባለው ቍራጭ ነበር፤ በውስጡም ወደ 2,300 የሚሆኑ ትራንዚስተሮች ነበሩበት።

በዘመናችን ከወንዶችም ከሴቶችም ልጆቻችን መካከል እነዚህን ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ማዘዝ ለመማር የሚነሡ አሉ። ወላጅም ልጁ ሌሊቱን አምሽቶ ከአንዲት ቅንጣት መብራት ጋር ሲታገል አይቶ፥ «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን፥ ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚሄድ፥ ስለ ምንስ የአደራ ሥራ እንደ ተባለ ልናስረዳ አሰብን።

ፊደሉ ሁለት ብቻ ነው

የእኛ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ከገበታ ፊደል ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በየሰባት ቤታቸው፥ ይኸውም ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ሆሄ ለይቶ፥ አቡጊዳውን ቈጥሮ፥ መልእክቱንና ወንጌሉን በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ወደ ዳዊት ይደርሳል። ፊደል ሳይለይ ዳዊት እደግማለሁ የሚል ቢኖር በቃሉ የያዘውን ያሰማ እንደ ሆነ እንጂ መጽሐፉን አላነበበም።

የኮምፒዩተርም ፊደል እንዲሁ አለው፤ የእርሱ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ መብራትና መጥፋት፥ ወይም አንድና ዜሮ። እያንዳንዱ ፊደል ቢት ይባላል። ስምንት ቢት በአንድነት ሲሰለፍ ባይት ይሆናል። እንደ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ ብናስበው፥ የመጀመሪያው ዋጋው 1፥ ሁለተኛው 2፥ ሦስተኛው 4 እያለ እየተጠነፈፈ ስምንተኛው 128 ይሆናል። ሁሉም ሲጠፉ 0፥ ሁሉም ሲበሩ 255 ይነበባል። ስለዚህ አንድ ባይት 256 ዓይነት ነገር ሊል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይችልም።

ለጀማሪዎች ከሚሰጡት መማሪያዎች አንዱ አርዱዊኖ የሚባለው ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ በ2005 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ አገር በኢቭሬያ ከተማ፥ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ያልተማሩ ተማሪዎች እንዲሠሩበት ታስቦ የተጀመረ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ዓይነት ላይ የተተከለው ማይክሮኮንትሮለር ኤ.ቲ. ሜጋ 328 ፒ ይባላል። በአንድ ሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በሚሠራበት ጊዜ የሚያስብበት ማኅደሩ ግን 2,048 ባይት ብቻ ነው። ይህን በእኛ ቋንቋ እንለካው። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ይህ ማኅደር ቢሞላ ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ፊደል ይይዛል፤ የዚህን መጽሔት አንድ ገጽ እንኳ አይችልም። ልጅ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲሠራ ቍጠባን ይማራል።

የመጀመሪያው ትምህርት አንዲትን መብራት ማብራት ነው። ይህን ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሌሎች ያዘጋጁትን ትእዛዝ ወስዶ «አሥራ ሦስተኛውን እግር አብራ» ብሎ መጻፍ ነው። መብራቷ ትበራለች፤ ልጁም ደስ ይለዋል። ሁለተኛው ግን ከሥር የሚጀምረው ነው። ያ አሥራ ሦስተኛ የተባለው እግር በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ከስምንቱ ማብሪያዎች ዋጋው 32 ከሆነው ጋር የተያያዘ መሆኑን ከመምሪያ መጽሐፉ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ እግሩ ተናጋሪ እንጂ ሰሚ እንዳይሆን በአቅጣጫ መዝገቡ ላይ ያን ማብሪያ መክፈት፥ ቀጥሎም በሥራ መዝገቡ ላይ ያንኑ ማብሪያ መክፈት፥ የቀሩትን ሰባቱንም ሳይነኩ እንደ ነበሩ መተው ነው። መብራቷ በሁለቱም መንገድ ትበራለች። ልዩነቱ ልጁ ለምን እንደ በራች ማወቁ ነው። ባለሙያዎች ይህን ከሥር የሚጀምረውን ትምህርት ከመኪናው አጠገብ ያለ ፕሮግራም ይሉታል። የሚጻፍበትም ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ ሲ የተባለው ነው፤ እርሱንም ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ከሃምሳ ዓመት በፊት አዘጋጅቶታል።

ሞልቶ የሚመለስ ቍጥር

ሁለተኛው ደረጃ መቍጠር ነው። መቍጠር ቀላል ይመስላል፤ ከዚህ ትምህርት ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው እርሱ ነው። 255 ላይ የደረሰ ባይት አንድ ቢጨመርበት 256 አይሆንም፤ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ዕቃው ሞልቷልና።

የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በዚህ አይደነቁም፤ ባሕረ ሐሳብ ይህንኑ ያስተምራልና። የ2016 ዓ.ም. ሒሳብ ምሳሌ ይሁነን። 5500 ዘመን ሲጨመርበት 7516 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 11 ይተርፋል፤ ከተረፈውም አንዱ ሲቀነስ 10 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 110 ይሆናል፤ በሠላሳ ሲገደፍ 20 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ደግሞ ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 190 ይሆናል፤ በሠላሳ ሲገደፍ 10 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ ሒሳቡም ትክክል መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ንዑስ ቀመር በየ19 ዓመቱ፥ ዐቢይ ቀመርም በየ532 ዓመቱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የሚገድፈው አውቆ ነው፤ የገደፈውንም በምን እንደ ገደፈ ይናገራል፤ በመጨረሻም ሁለቱን ቍጥሮች ደምሮ ራሱን ይፈትናል። መኪናው ግን ዝም ብሎ ይገድፋል፤ ሞላሁም አይልም። የቍጥሩ መመለስ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተት የሚሆነው አዛዡ መመለሱን ሳያውቅ ወይም ሳያስብበት የቀረ እንደ ሆነ ነው። ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በሚከተለው እውነተኛ ታሪክ ይታያል።

የቴራክ-25 ታሪክ

በካናዳ አገር አንድ የመንግሥት የአቶም ኩባንያ ቴራክ-25 የተባለ የካንሰር ማከሚያ መኪና ሠርቶ ነበር። መኪናው በጨረር ዕጢን የሚመታ ሲሆን፥ ጨረሩ በሁለት ዓይነት ይወጣል፤ አንደኛው ቀጥተኛ፥ ሁለተኛው እጅግ ብርቱ ሆኖ በመካከል በሚገባ ብረት የሚለዝብ ነው። ከእርሱ በፊት በነበሩት መኪናዎች ላይ፥ ብረቱ በቦታው ከሌለ ጨረሩ እንዳይወጣ የሚከለክሉ መቈለፊያዎች በመኪናው አካል ላይ ተሠርተው ነበር። በቴራክ-25 ግን ከእነዚህ መቈለፊያዎች ብዙዎቹ ቀርተው ጥበቃው ለኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ተሰጠ።

ከሰኔ 1985 እስከ ጥር 1987 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታሎች ስድስት ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ተመቱ። አንዳንዶቹ ሞቱ፤ ሌሎቹም ጽኑ ጕዳት ደረሰባቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ክፍለ አገር በደረሱት ሁለት አደጋዎች ምክንያቱ፥ ሠራተኛዋ የጻፈችውን በፍጥነት ስታርም ፕሮግራሙ እርማቱን ሳያስተውል በመቅረቱ ነበር። በጥር 1987 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ክፍለ አገር በያኪማ ከተማ የደረሰው ግን የአንድ ባይት ጕዳይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የብረቱን ቦታ መመርመር እንዳለበት የሚያስታውስበት አንድ ባይት ነበረው። ባይቱ ዜሮ ከሆነ «መመርመር አያስፈልግም»፥ ዜሮ ካልሆነ «መርምር» ማለት ነበር። ጸሐፊው «መርምር» ለማለት ባይቱን በአንድ የተወሰነ ቍጥር መሙላት ሲገባው፥ በየዙሩ አንድ እየጨመረበት እንዲሄድ አደረገ። ዙሩ በተደጋገመ ቍጥር ባይቱ 1፥ 2፥ 3 እያለ 255 ይደርሳል፤ በ256ኛውም ዙር ወደ ዜሮ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት «መርምር» የሚለው ትእዛዝ «አትመርምር» ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛው ማዘዣውን የነካው በዚያችው ቅጽበት ስለ ነበረ፥ መከላከያው በቦታው ሳይኖር ብርቱው ጨረር ወጣ። ሕመምተኛውም ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ።

ስሕተቱ ሲታወቅ እርማቱ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ነበረች፤ በመጨመር ፈንታ የተወሰነ ቍጥር ማኖር። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ነገሩን በኋላ የመረመሩት ናንሲ ሌቭሰንና ክላርክ ተርነር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ መቈለፊያዎቹን ያስቀረው አሠራር፥ ፕሮግራሙን ከመጠን በላይ ማመን፥ የሕመምተኞችንና የሠራተኞችን አቤቱታ ፈጥኖ አለመመርመርም የጥፋቱ ተካፋዮች ነበሩ።

ይህ የጥንት ወሬ ነው ተብሎም አይታለፍም። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ስለ ቦይንግ 787 አውሮፕላን ባወጣው ማስጠንቀቂያ፥ ኃይሉ ሳይቋረጥ 248 ቀን የቆየ እንደ ሆነ በኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ መቈጣጠሪያ ውስጥ ያለው ቈጣሪ ሞልቶ ኃይሉን ሊያጠፋ እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ኃይሉ በየጊዜው ተቋርጦ እንደ ገና እንዲከፈት አዟል።

በር ሲንኳኳ

ሦስተኛው ደረጃ ማቋረጫ የሚባለው ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ አንድ ሥራ ሲሠራ ሳለ ሌላ አስቸኳይ ነገር ቢደርስ፥ የያዘውን አቁሞ አስቸኳዩን ይፈጽምና ወደ ነበረበት ይመለሳል። የቤት እመቤት ወጥ ስታማስል በር ቢንኳኳ ማማሰያዋን አስቀምጣ ከፍታ እንደምትመለስ ያለ ነው። ወጡ እንዳያርር፥ እንግዳውም በደጅ እንዳይቆም ሁለቱንም ማሰብ ይገባል።

ልጆች በዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ይቸገራሉ። ለምሳሌ ከ255 የሚበልጥ ቍጥር በሁለት ባይት ይጻፋል፤ ባለ ስምንት ቢቱ መኪና ደግሞ ሁለቱን ባይት የሚያነበው በየተራ ነው። ቍጥሩ 255 ሳለ ታናሹን ባይት ያነባል፤ 255 ያገኛል። ታላቁን ባይት ከማንበቡ በፊት ማቋረጫ መጥቶ ቍጥሩን 256 ያደርገዋል። ተመልሶ ታላቁን ሲያነብ 1 ያገኛል፤ ይህም 256 ማለት ነው። ሁለቱን ሲደምር 511 ይሆንበታል። 511 በፊትም ያልነበረ፥ በኋላም የሌለ ቍጥር ነው። ይህም በሺህ ጊዜ አንዴ ብቻ ሊደርስ ስለሚችል፥ ልጁ ሲፈትነው ትክክል ሆኖ ታይቶ በሰው እጅ ከገባ በኋላ ሊሳሳት ይችላል። መድኃኒቱ ሁለቱ ባይት ተነበው እስኪያልቁ ድረስ ማቋረጫውን በር ላይ ማቆየት ነው።

በሥርዓት የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ እንዴት እንደሚያድን የአፖሎ 11 ታሪክ ይመሰክራል። ሐምሌ 20 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. መንኰራኵሩ ወደ ጨረቃ ሲወርድ፥ ለጊዜው ከማያስፈልግ ራዳር የሚመጣው ምልክት የኮምፒዩተሩን ጊዜ ስለ ተሻማበት 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቍጥር ደጋግሞ ታየ። የዚያ ኮምፒዩተር ጊዜያዊ ማኅደር 2,048 ቃል ብቻ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች አስቀድመው ሥራዎቹን በማዕርግ ስለ ደረደሯቸው፥ ኮምፒዩተሩ ታናናሾቹን ሥራዎች ትቶ ለመውረድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ያዘ፤ መንኰራኵሩም በሰላም አረፈ። የዚያን ፕሮግራም ሥራ በመሪነት ካካሄዱት አንዷ ማርጋሬት ሃሚልተን የተባሉ ሴት ነበሩ። ይህንን ሴቶች ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ መብራቷን አይናቅ። ሕፃን «ሀ» ብሎ ሲጀምር የሚስቅበት ወላጅ የለም፤ ዳዊቱ ከ«ሀ» በኋላ እንደሚመጣ ያውቃልና። የመብራቷም ትምህርት እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፥ ልጁን ከአደጋ ይጠብቅ። የመማሪያው ሰሌዳ የሚሠራው በአምስት ቮልት ነው፤ በዚህ ኃይል የሚጎዳ የለም። የቤታችን የኤሌክትሪክ መሥመር ግን 220 ቮልት ነው። ዕውቀቱ ያለው ሰው አጠገቡ ሳይቆም ልጅ ሰሌዳውን ከግድግዳ መሥመር ጋር እንዳያያይዝ አጥብቆ መከልከል ይገባል።

ሦስተኛ፥ ትምህርቱ በልክ ይሁን። ጸሎትን፥ የትምህርት ቤት ሥራንና እንቅልፍን የሚሻማ ጥበብ ዞሮ ዞሮ ራሱን ያጠፋል። ደክሞ የጻፈው ሰው ስሕተቱን አያይም።

አራተኛ፥ ልጁ የሌላውን ሥራ ገልብጦ እንዳይረካ ይምከረው። ዛሬ የተዘጋጀ ትእዛዝ በየቦታው ይገኛል፤ ሲጠየቅ ፕሮግራሙን ራሱ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም መጥቷል። ይህን እንደ ረዳት መጠቀም ነውር የለበትም። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ የጓደኛውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ቢቆም፥ ምሥጢሩን ሲጠየቅ ያፍራል። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር ያለውን ምሥጢር ሊፈታ የማይችል ልጅም፥ መኪናው ለሰው ሕይወት በቆመበት ቦታ «ይህ ትክክል ነው» ብሎ ሊመሰክር አይችልም። የማይክሮኮንትሮለሩ መምሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፥ ገጹም በመቶ የሚቈጠር ነው። አስቸጋሪ ቢሆንም እንደ አንድምታ ትርጓሜ ቀስ ብሎ፥ ቃል በቃል፥ እየጠየቁ የሚገቡበት ነው። የቋንቋ ትምህርትም አብሮ ይገኝበታል።

አምስተኛ፥ ወላጁ ስለዚህ ጥበብ ምንም ባያውቅ እንኳ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ልጁ ሥራውን ሲያሳየው፥ «ቈጣሪው ቢሞላስ? በመካከል ቢቋረጥስ? የሚጠቀምበት ሰው ቢሳሳትስ?» ብሎ ይጠይቀው። በያኪማ የሞቱት ሰው ሕይወት በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጁ መልስ ካለው ወላጁ ደስ ይበለው፤ ከሌለውም ነገ ይዞ እንዲመጣ በፍቅር ይንገረው። የኔታ በቀለም ቈጠራ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ አይደለምን?

የማይታየው ጸሐፊ

ወንበር የሚሠራ አናጢ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አንዳንድ ጊዜ ያውቃል። የተሰወረውን ኮምፒዩተር የሚያዝዝ ሰው ግን ማንን እንደሚያገለግል አያውቅም። እርሱ ተኝቶ ሳለ ሥራው በሌላ አገር የአንዲት እናትን ደም ይመረምራል፥ ለሕፃን መድኃኒት ይለካል፥ መኪና ያቆማል። ተገልጋዩም የጸሐፊውን ስም አይጠይቅም፤ ብቻ ያምነዋል። ጌታችን ስለ መክሊቱ ባስተማረው ምሳሌ ውስጥ ባለቤቱ በሌለበት የተሰጠ ገንዘብ ተመርምሮ ነበር፤ ይህም ባለቤቱ በሌለበት የተሰጠ አደራ ነው።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፥ ከቅንጣት መብራት ጋር የሚታገለው ልጅ የሚማረው ዕቃ ማብራት ብቻ አይደለም። የያዘው ዕቃ ምን ያህል እንደሚችል መለካት፥ በሚሞላበትም ጊዜ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ፥ ማንም በማያይበት ቦታ በትክክል መሥራት ይማራል። ይህ በፊደል ገበታ ፊትም በኮምፒዩተር ፊትም አንድ ትምህርት ነው። አምላካችን ልጆቻችንን ጥንቃቄ ያልተለየው ጥበብ ይስጥልን፤ እኛንም በትዕግሥት የምናሳድግ ወላጆች ያድርገን። አሜን።